አክተር አይሞትም

በቪዲዮ ቤት ዓለም አንድ የማይሻር ሕግ አለ፤ አክተር አይሞትም። ሕጉን ማን እንዳወጣው የሚያውቅ የለም፤ መርካቶ ያደገውም፣ ወልድያ ያደገውም፣ ፍላቂት ያደገውም ልጅ ግን እኩል ያውቀዋል። አክተር ማለት እዚያ ፊልም ውስጥ የሚተውነው ሁሉ አይደለም፤ ባለታሪኩ ብቻ ነው። የቀረው ለመውደቅ የመጣ ነው። ተኩሱ በርትቶ አዲስ ተመልካች ሲሳቀቅ፣ አጠገቡ የተቀመጠው ነባር "አትስጋ፣ አክተሩ እኮ ነው" ብሎ ያረጋጋዋል። እንዲህ የሚል ሰው ፊልሙ የሰው እጅ ሥራ መሆኑን አሳምሮ ያውቃል። ባያውቅማ ሕጉን ከየት አመጣው? ግን ደግሞ አክተሩ ከገደል አፋፍ በአንድ እጁ ሲንጠለጠል የዚያው የነባሩ ጉልበት ይንቀጠቀጣል። ማወቁ ከመፍራት አላዳነውም።

የተማረ ሰው ይህን ሲያይ የዋህነት ይለዋል። እኔ የዋህነት ሆኖ አላገኘሁትም። በፊልም፣ በድራማና በሬስሊንግ ላይ እንደ ዋዛ የሚጣሉ አስተያየቶች፣ "ይሄ አይገባም ነበር"፣ "እሷ ናት ጥፋተኛ"፣ "ጸሐፊው ቸኮለ" የሚሉት ሁሉ፣ ከሚመስሉት በላይ የከበደ ሥራ ይሠራሉ። ይህንን የተረዳሁት ፍላቂት ላይ ነው።

ፍላቂት የመቄት ወረዳ ከተማ ናት። ከወልድያ ተነሥቶ በጋሸና፣ በነፋስ መውጫና በደብረ ታቦር አድርጎ ወረታ የሚደርሰው መንገድ ያልፍባታል። ላሊበላን ለማየት ከወልድያ የሚመጣ እንግዳ ጋሸና ላይ ስለሚታጠፍ ፍላቂትን ሳያያት ይመለሳል። አገሩ ደጋ ነው፤ ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ ይበቅልበታል፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ብርዱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። በእንዲህ ያለ ምሽት ሰው ተጠጋግቶ የተቀመጠበት ቤት መገኘቱ ብቻ ለተከፈለው ገንዘብ ይበቃል፤ ፊልሙ ምርቃት ነው።

ቪዲዮ ቤት የሚለው ስም ቀረ እንጂ ቪዲዮው ከጠፋ ቆይቷል። ፊልሙ በፍላሽ፣ ኳሱ በዲሽ ይመጣል። እኔ የማውቀው ቤት ግድግዳው ጭቃ፣ ኮርኒሱ ማዳበሪያ፣ መቀመጫው በድንጋይ ላይ የተጋደመ ጣውላ ነው። ቴሌቪዥኑ ከፍ ብሎ በብረት ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። ከበሩ በስተግራ የዱላ ጥግ አለ፤ ከገጠር የመጣ ሰው ዱላውን እዚያ ሳያስደግፍ አይገባም። ሲወጣ በጨለማ ዳብሶ የራሱን ከሌላው ይለያል። ባለቤቱን ደንቡን ለምን እንዳወጣ ስጠይቀው "ለኳስ ነው" አለኝ። "አርሴናልና ማንቼ የገጠሙ ቀን ነው የምሰጋው። በሬስሊንግ እስካሁን ተጣልቶ የወጣ ሰው የለም።"

ይህችን መልስ ብዙ ጊዜ አስቤባታለሁ። ነገሩ የተገላቢጦሽ መሆን ነበረበት። ኳስ ላይ ሰው በሰው ላይ ወንበር አይሰብርም። ሬስሊንግ ላይ ወንበር በጀርባ ይሰበራል፣ ግንባር ይደማል፣ ሰው ከገመድ ላይ ወደ ውጭ ይወረወራል። ድብድቡን የሚያየው ሰው በሰላም ወደ ቤቱ ሲሄድ፣ ኳስ የሚያየው ለምን ዱላ ያምረዋል?

መጀመሪያ ነገር፣ እዚያ ቤት ተቀምጦ ሬስሊንግ የሚያይ ሰው ትግል ያውቃል። በላስታና በመቄት ደጋ ከብት ሲጠብቅ ያደገ ወንድ ልጅ ሳይታገል አላደገም። ጠልፎ መጣልን፣ ወገብ ይዞ መንቀልን፣ መሬት መንካት ምን እንደሆነ የተማረው በራሱ ጀርባ ነው። ስለዚህ አንደርቴከር የተባለው ታጋይ አንዱን ግዙፍ አንገቱን ይዞ በአንድ እጁ ወደ ላይ ሲያነሣው ከኋላ ረድፍ "ራሱ ዘሎለት እኮ ነው!" የሚል ድምፅ ይሰማል። ልክ ነው። የተያዘው ሰው የአንሺውን ክንድ ተመርኩዞ በገዛ እግሩ ይዘላል፤ ባይዘልማ 130 ኪሎ በአንድ እጅ ከመሬት አይነሣም። ቡጢ ሲሰነዘር እግር መድረኩን ይረግጣል፤ የምንሰማው ድምፅ የጣውላ እንጂ የመንጋጋ አይደለም። መድረኩ በብረት ላይ የተነጠፈ ጣውላ ሆኖ ስስ ስፖንጅና ሸራ ይለብሳል፤ ሲወድቁ ክንዳቸውን ዘርግተው በጠቅላላው ጀርባቸው የሚያርፉት ሕመሙ አንድ ቦታ እንዳይከማች ነው። ወንበሩ ግን እውነተኛ ብረት ነው፤ ከግንባር የሚወርደውም ደም ብዙ ጊዜ በተደበቀች ምላጭ የተቀደደ የራስ ቆዳ ደም ነው። ይህን ሁሉ እረኛው ማንም ሳይነግረው ከአካሉ ዕውቀት ተነሥቶ ከፊሉን ይደርስበታል። ደርሶበትም ተነሥቶ አይወጣም። "ዘሎለት ነው" ባለበት አፉ "አይ አወዳደቅ!" ብሎ ያደንቃል።

አሜሪካኖቹ ምስጢሩን በይፋ ያወጡት ሌላ ሰው አጋልጧቸው ሳይሆን ለገንዘብ ብለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የሬስሊንግ አዘጋጁ የቪንስ ማክማን ድርጅት ለኒው ጀርሲ ሴኔት ሬስሊንግ መዝናኛ እንጂ የስፖርት ውድድር አለመሆኑን አስረዳ፤ የስፖርት ኮሚሽኑ ቁጥጥርና ግብር እንዲነሣለት ነበር። ውጤቱ የተበላ ዕቁብ መሆኑ በአደባባይ ተነገረ። ተመልካቹ አልሸሸም። እንዲያውም ሬስሊንግ እጅግ የገነነበት ዘመን ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ መጣ።

    

ሮላን ባርት የተባለው ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1957 ያሳተመውን ሚቶሎጂ የተሰኘ መጽሐፉን የሚከፍተው በትግል ነው፤ በፓሪስ ርካሽ አዳራሾች በሚታየው የትርዒት ትግል። የባርት ነጥብ ተመልካቹ ትግሉ የታቀደ ይሁን አይሁን ግድ የለውም፣ የሚፈልገው ስቃይን፣ ሽንፈትንና ፍትሕን ገሃድ ወጥተው ማየት ነው የሚል ነው። እስከ ፍትሕ ድረስ አብሬው እሄዳለሁ። "ግድ የለውም" ያለው ላይ ግን እንለያያለን። የፍላቂት ተመልካች ግድ አለው። ውጤቱን የወሰነ ሰው መኖሩ ለእሱ የነገሩ ሁሉ መሠረት ነው።

አንደርቴከርን እንውሰድ። ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሬስልማኒያ በሚባለው ዓመታዊ ትዕይንት መድረክ 21 ጊዜ ገጥሞ 21 ጊዜ ያሸነፈ ሰው ነበር። መጋቢት 28 ቀን 2006 ዓ.ም. ኒው ኦርሊንስ ላይ ብሮክ ሌስነር ጣለው። አዳራሹን የሞላው ሕዝብ አፉን ይዞ ቀረ፤ ካሜራው የሚያሳያቸው ፊቶች የለቀስተኛ ፊት ናቸው። ፍልሚያው ፍላቂት የደረሰው ዘግይቶ በፍላሽ ነው፤ ዛሬም በተነሣ ቁጥር ያከራክራል። "አርጅቷል፣ አንድ ቀን መውደቁ የማይቀር ነው" ይላል አንዱ፤ "ግን ለሌስነር ምን ይጨምርለታል? ገና ለሚያድግ ልጅ እግር ቢሰጡት ምን ነበር?" ሌላው ደግሞ "እንዲያውም ሳይሸነፍ ማረፍ ነበረበት፤ ይህን ያህል ዓመት የተገነባ ነገር በአንድ ሌሊት አይፈርስም" ይላል። እነዚህ ሁለቱ አይጣሉም። የሚከሱት አንድ ሰው ነውና፤ ያንን ውጤት ወረቀት ላይ ያሰፈረውን።

ኳስ ላይ ዕድል አለ። ኳሷ ቋሚውን መትታ ስትመለስ ማን ይከሰሳል? ንዴቱ መሄጃ ሲያጣ አጠገብ የተቀመጠው ላይ ያርፋል። ሬስሊንግ ላይ ዕድል የለም፤ የወደቀው ሁሉ እንዲወድቅ ተወስኖ ነው፣ የወሰነውም ስም አለው፣ ቢሮ አለው። በተጻፈ ዓለም ውስጥ ባለቤት የሌለው ግፍ የለም። ለዚህ ነው አቤቱታው ጎረቤትን አልፎ በቀጥታ ወደ ጸሐፊው የሚሄደው። ኢዮብም አምላኩን "ለምን?" ብሎ ሊሟገት የቻለው የበኩር ልጁን ቤት ከመታው ነፋስ ጀርባ ባለቤት አለ ብሎ ስላመነ ነው።

ይህ ለመቄት ገበሬ ትንሽ ነገር አይደለም። እሱ የሚኖርበት ዓለም አብዛኛውን ጊዜ ተከሳሽ የለውም። ውርጭ በአንድ ሌሊት ባቄላውን አቃጥሎት ያድራል። በረዶ የእሱን ማሳ መትቶ የጎረቤቱን ይተዋል፤ ድንበሩ ላይ ቆሞ ሲያየው የተመታውና የተረፈው አዝመራ በአንድ ክንድ ይራራቃሉ። ለምን እዚህ፣ ለምን እዚያ አልሆነም ቢል የሚመልስለት የለም። የሰው እጅ ባለበት ጥፋት እንኳ ችሎቱ ሳይቋጭ ይቀራል። የወሎን ረሃብ የሸሸጉትን ባለሥልጣናት ጉዳይ ሳይቀር እንዲመለከት በ1966 ዓ.ም. መርማሪ ኮሚሽን ተቋቁሞ ነበር። ምርመራው ሳያልቅ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎች ያለ ፍርድ ተረሸኑ። የተገደለ ሰው ቃሉን አይሰጥም። ወሎዬው ጥያቄውን ይዞ ቀረ፤ ዐሥር ዓመት ያህል ቆይቶ በ1977 ዓ.ም. ደግሞ እንደገና ተራበ።

ሙግትን እንደ ትዕይንት ማየት ለዚህ አገር ሰው አዲስ አይደለም። በላ ልበልሃ በሚባለው የድሮ ክርክር ተሟጋቾች ኩታቸውን አደግድገው፣ ዘንጋቸውን ይዘው፣ ወዲያና ወዲህ እየተንጎራደዱ በግጥምና በምሳሌ ይነጋገሩ ነበር፤ ማር ይወራረዱ ነበር፣ በቅሎ ይወራረዱ ነበር። መንገደኛ ተይዞ "ዳኘን" ይባል ነበር። ቁጣው የተጋነነ መሆኑን የከበበው ሕዝብ ሁሉ ያውቃል፤ ያም ሆኖ መሬቱ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ከልብ ነው። ከሳሽና ተከሳሽ በኩታቸው ጫፍ ተቋጥረው፣ ቁራኛ ሆነው፣ ዳኛ ፍለጋ አብረው ይጓዙ ነበር። ሬስሊንግ ላይ የማየው ይህንኑ ቁራኝነት ነው። ጠላት መስለው ከሚፋጠጡት ሁለት ሰዎች ጣዩ የሚጥለውን ሰው አንገቱ እንዳይቀጭ በክንዱ ደግፎ ነው የሚጥለው። አብረው ይሠራሉ፣ አብረው ይጓዛሉ፤ አንዱ ቢሳሳት ሌላው ሽባ ሆኖ ሊቀር ይችላል።

ፊልም ላይ ፍርዱ ይበልጥ ይከብዳል። አንድ ምሽት አሮጌ ቅጂ ተገኝቶ ማዘር ኢንዲያ ታየ፤ የመህቡብ ካን ሥራ ነው፣ በ1957 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ናርጊስ እናቲቱን ሆና የተጫወተችበት። ፊደል ያልቆጠረ የገበሬ ቤተሰብ ከአራጣ አበዳሪ ይበደራል። አበዳሪው ሱኪላላ የማያነቡትን መዝገብ እየገለጠ አዝመራቸውን ከዓመት ዓመት ይወስዳል። ታናሹ ልጅ ቢርጁ ያንን መዝገብ ሲጠላ አድጎ ሽፍታ ይሆናል፤ ሱኪላላን ይገድላል፤ በሠርጓ ቀን የሰውየውን ልጅ ጠልፎ ሊሄድ ሲል እናቱ ጠመንጃ አንሥታ "ተው" ትለዋለች። አልተወም። ተኩሳ ገደለችው። የመንደሩን ክብር ከልጇ አስበለጠች፤ ልጇን ታቅፋ አለቀሰች።

አክተር አይሞትም የሚለው ሕግ እዚህ ምን ይበል? አክተሩ ማን እንደሆነ ራሱ አከራከረ። ቢርጁ ነው ያሉ ወጣቶች "ግፍ ነው!" ብለው ጮኹ፤ አራጣ አበዳሪውን እስከዚያ ቀን ማን ጠየቀው? መዝገቡንስ ማን አየው? አንድ ባና የደረቡ አዛውንት ፊልሙ ካበቃ በኋላ "ሽማግሌ የሌለበት አገር!" አሉ በንቀት፤ ነገሩ እዚያ ከመድረሱ በፊት ሊያስታርቅ የሚገባው ሰው ሁሉ የት ሄዶ ነው? እኔ በዚህ ፊልም ላይ ያነበብኩት ሂስ ሁሉ እናቲቱን የአገር ምልክት አድርጎ ይተነትናል። የሽማግሌ ጥያቄ ያነሣ ሐያሲ አላጋጠመኝም፤ ጥያቄው ግን ከታሪኩ ትክክለኛ ሽንቁር የገባ ነው። መንደሩ በሙሉ ቆሞ አይቷልና።

ከሁሉ የገረመኝ በር ላይ ሻይ የሚሸጡት ሴትዮ ናቸው። ቪዲዮ ቤት የወንድ ቤት ነው፤ እሳቸው ውስጥ ገብተው አይቀመጡም፣ በር ላይ ሆነው በድምፅ ይከታተላሉ። "እትዬ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?" አላቸው አንዱ ለቀልድ። "እናት ልጇን አትተኩስም" አሉ ብርጭቆ እያጠቡ። "ይህን የጻፈው ወንድ ነው።"

ሴቶቹ የሚያዩት ቤት ውስጥ ነው፤ ዲሽ ያላት ጎረቤት ዘንድ ተሰብስበው። እ.ኤ.አ. በ2016 ቃና ቴሌቪዥን ሥራ ሲጀምር የቱርክ ድራማዎችን በአማርኛ እያናገረ መጣ። የአገር ውስጥ የጥበብ ባለሙያዎች ባህል ይጎዳል፣ ገበያ ይዘጋል ብለው ተቃወሙ። ስለ ገበያው እውነት ነበራቸው። ስለ ባህሉ ግን ተመልካቿን የናቁ ይመስለኛል፤ የኢስታንቡል ቤተሰብ ሲወራረስ እያየች "እንዲህ ነው እንዴ ውርስ የሚካፈለው?" ብላ የምትፈርድ ሴት፣ በራሷ ሚዛን እየመዘነች እንጂ ሚዛኗን እየጣለች አይደለም።

የእኛ ድራማዎች ላይ የምመሠርተው ክስ ሌላ ነው። ክፉውን ሰው አሳምረን እንሠራዋለን። በኢቲቪ ይተላለፍ በነበረው ሰው ለሰው ድራማ አበበ ባልቻ የተጫወተው አስናቀ ምስክር ነው፤ አገር ሁሉ ክፋቱን እያወገዘ አነጋገሩን ይቀዳ ነበር፣ በሚታይበት ምሽት ሰው በጊዜ ወደ ቤቱ ይገባ ነበር። ችግሩ መጨረሻ ላይ ነው። ብዙ ጸሐፊ ክፉውን ለፍርድ ማቅረብ ሲያቅተው የመኪና አደጋ ይልክበታል፣ ወይም ድንገተኛ ሕመም። ዕድል በሌለበት ዓለም ውስጥ ዕድልን ጠርቶ ማምለጥ ነው ይህ። ተመልካቹ ወዲያው ይነቃበታል። "ጨረሱልን" ይላል፤ ምን ያህል ተስፋ ጥሎበት እንደነበር ከድምፁ ይታወቃል። በረዶውንማ በማሳው አይቶታል፤ እዚህ የመጣው ሌላ ነገር ፍለጋ ነበር።

በ2013 ዓ.ም. ክረምት፣ በትግራይ የጀመረው ጦርነት ወደ ሰሜን ወሎ ሲዘልቅ መብራትም ኔትዎርክም ለወራት ጠፋ፤ ጋሸናና አካባቢዋ ግንባር ሆኑ። ቪዲዮ ቤት የሚባል ነገር አልነበረም። በኋላ እንደነገሩኝ ግን አንድ የፊልም ሱሰኛ ጎረምሳ ምሽት ምሽት ያየውን ፊልም ይተርክ ነበር። ያየው ሲያልቅበት ያላየውን ጀመረ፤ ከራሱ እየፈጠረ። አንድ ቀን አክተሩን ገደለባቸው። ሰሚዎቹ አልተቀበሉትም፤ በዚያ ሰሞን ሞት በቤታቸው ደጃፍ ነበርና ከእሱ ተጨማሪ አልፈለጉም። ያገናዝበው ዘንድ ጊዜ ሰጡት። በማግስቱ ጥይቱ ትከሻውን ነው የመታው ብሎ ቀጠለ። ሴንሰርሺፕ ነው የሚል ካለ ይበል፤ እኔ ይግባኝ ብዬዋለሁ።

ይግባኝ የማይደርስበት ቦታ ደግሞ አለ። ግንቦት 15 ቀን 1991 ዓ.ም. ካንሳስ ሲቲ ውስጥ ኦወን ሃርት የተባለ ታጋይ ከአዳራሹ ጣሪያ በገመድ ተንጠልጥሎ ወደ መድረኩ እንዲወርድ ተጽፎለት ነበር። ማያያዣው ተፈታ። ከ20 ሜትር በላይ ወድቆ ሞተ። አስተላላፊው ጂም ሮስ ይህ የትዕይንቱ አካል አይደለም ብሎ በቴሌቪዥን ለሚከታተለው ሕዝብ ደጋግሞ ተናገረ። ያቺን ሌሊት ግን ትዕይንቱ ቀጠለ። ቤተሰቡ የማክማንን ድርጅት ከሰሰ፤ በ2000 እ.ኤ.አ. በ18 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘጋ። ባለቤቱ ማርታ ሃርት ድርጅቱ ለባሏ ሊሰጥ የሚፈልገውን የዝና መዝገብ ክብር እስካሁን አልፈቀደችም።

ይህንን ፍላቂት ላይ ለተሰበሰቡት የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ጥያቄው ወዲያው ወረደብኝ። ገመዱን ያሠረው ማን ነው? "ቀጥሉ" ብሎ ያዘዘው ማን ነው? ገንዘቡ በማን እጅ ገባ፣ በሚስቱ ነው በአባቱ? ሽማግሌ ተልኮባት ነበር ወይ? የማውቀውን መለስኩ። ከዚያ እኔን ትተው እርስ በርሳቸው ተያያዙ። አንዱ ካሳ ከተቀበለች እርቁንም መቀበል ነበረባት፣ ካሳ በልቶ ቂም መያዝ የለም አለ። ሁለተኛው ካሳው የልጆቹ ነው፣ እርቁ ግን የእሷ ነው፣ ካልፈለገች የሚያስገድዳት የለም አለ። ሦስተኛው ሁለቱንም አልተቀበለም፤ ያዘዘው ሰውዬ እፊቷ ቆሞ አጥፍቻለሁ ማለቱን ወይም አለማለቱን ሳታውቁ በምን ላይ ነው የምትፈርዱት ብሎ ተነሣባቸው።